እስከ በሬሳ ድልድይ

«እናትሽ ከመጡ ወዲህ ነው» አለ ወርቅአገኘሁ። «ከመጡ ወዲህ አንድ ጠዋት እንኳ ድልድዩን ተሻግሬ አላውቅም። ገደ ቢስነት ይህ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?»

ይህን ያለው በማለዳ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነው፤ ከበሬሳ ድልድይ ጀምሮ እየገፋ የመለሰውን ሞተር ብስክሌት ግድግዳው ላይ አስደግፎ ላቡን ይጠርጋል። ታኅሣሥ ገብቷል፤ ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተነጥፏል፤ በዚያ ሰዓት ደብረ ብርሃን ውስጥ ላብ ያለው ሰው ቢፈለግ ሞተር የገፋ ሰው ብቻ ነው የሚገኘው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አስቀድሞ መናገር ይገባል። ጣቱ ደንዝዟል፣ የሥራ ሰዓት አልፎበታል፣ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ደግሞ ድልድዩ ላይ «ዛሬም ደከመው?» እያሉ ስቀውበታል። እንዲህ የሆነ ሰው ንዴቱን የሚያራግፍበት ቦታ ይፈልጋል፤ ከአማት የተሻለ ቦታ ደግሞ ከየት ይመጣል? ጥፋቱ ድምፁን አለመቀነሱ ነው። የቤቱ ግድግዳ ጭቃ ነው፣ መስኮቱ መስተዋት የለውም፣ አማቱ ወይዘሮ አልታየች ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ መደቡ ላይ ተቀምጠው ይጸልያሉ። ሚስቱ ደመቀች በሩ ላይ ቆማ ስለ ነበር ሁለቱንም ታያለች፤ ባሏ በግቢው የሞተሩን ጎማ በእግሩ ነካ ሲያደርግ፣ እናቷ ደግሞ በክፍሉ ውስጥ መቁጠሪያው ላይ የነበረ ጣታቸው ቀጥ ሲል። ወይዘሮ አልታየች ጸሎታቸውን አልጨረሱም። መቁጠሪያውን አንገታቸው ላይ አጠለቁና ተነስተው ልብሳቸውን ማጣጠፍ ጀመሩ።

ቤቱ ከወይዘሮ መነን በወር ሰባት ብር የተከራዩት ባለ ሁለት ክፍል ነው። ጓዳው ውስጥ ባልና ሚስት ይተኛሉ፤ የፊተኛው ክፍል ግን የወይዘሮ አልታየችና የሞተሩ ነው። ሞተሩ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ወርቅአገኘሁ በእሱ እየዞረ እስከ ጫጫ ከተማና ከጫጫም አልፎ የተዘረጋውን የስልክ መስመር ይጠብቃል፤ የዘመመ እንጨት ያቃናል፣ የተበጠሰ ሽቦ ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ዕቃ ውጭ አያድርም። ማታ ማታ ወደ ቤት ይገባል፣ ከመደቡ አጠገብ ይቆማል፣ አሮጌ ጋቢም ይደርባል። ወይዘሮ አልታየች ልጃቸው ስትወልድ ሊያርሷት ከአንኮበር የመጡ ዕለት ይህን ሲያዩ አማተቡና «ይኼ ነው የባለቤትሽ በቅሎ?» ብለው ጠየቁ። በነጋታው ግን ተላምደውት «ዶቅዶቄው» እያሉ ይጠሩት ጀመር፤ ሌሊት ጋቢው ሲንሸራተት ተነስተው የሚያለብሱትም እሳቸው ነበሩ።

አማትና አማች በአንድ ጣራ ሥር ሆነው አይነጋገሩም። ተጣልተው አይደለም፣ ተከባብረው ነው። ወይዘሮ አልታየች ያደጉት አማት የልጇን ባል ፊት ለፊት በማታይበት ወግ ነው፤ ወርቅአገኘሁ ሲገባ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ይነሳሉ፣ ስሙን አይጠሩም፣ የሚሉትን ሁሉ በልጃቸው በኩል ይላሉ። «ብርድ ነው፣ ደርበው ይሂዱ በያቸው» ይላሉ፤ እሱ እዚያው ቆሞ ይሰማል። «ደርቤአለሁ በያቸው» ይላል እሱም። ደመቀች መሃል ቆማ የሁለቱም ስልክ ሆናለች፤ የባሏ መሥሪያ ቤት ቢያውቅ ደመወዝ ሊቆርጥላት ይገባ ነበር። እንግዲህ ያለ እሷ አማካይነት ከአማች ለአማት በቀጥታ የደረሰው የመጀመሪያ ቃል ያ «ገደ ቢስነት» የሚለው ሆነ።

«ወደ አንኮበር የሚወስደው የጎረቤላው መኪና ሐሙስ ሐሙስ አይደል የሚወጣው?» አሉ ወይዘሮ አልታየች፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«አዎ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ምነው?»

«ዛሬ ሐሙስ ነው። እሄዳለሁ።»

ደመቀች ወደ እናቷ ተጠጋች። ወሯ ገብቷል፤ ሆዷ ከበሩ ቀድሟት የሚወጣ ሆኗል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከእናቷ በቀር የሚያርሳት ዘመድ የላትም። አምና የመጀመሪያ ልጇን እንደ ወጉ እናቷ ቤት ልትወልድ፣ መኪናው ገና ሳይጀምር፣ በበቅሎ አንኮበር ሄዳ፣ በደረሰች በሦስተኛው ቀን ምጥ ያለ ጊዜው መጥቶ ባዶ እጇን ነበር የተመለሰችው። ዘንድሮ መንገዱን ፈርታ እናቷን ወደ እሷ አስመጣች። አሁን እናቷ ቋጠሯቸውን ሲያስሩ ስታይ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች፤ የሆነ ሰው የሚወስድባት ይመስል።

ወርቅአገኘሁ በዚያ ጠዋት እንደ ወትሮው ሞተሩን ጥሎ በእግሩ ቢሮ አልሄደም። በጎረቤት በኩል «ሞተሩ ታመመ» ብሎ ላከና ካቻቢቴና ፒንሳውን ይዞ ጥላው ውስጥ ተንበረከከ። ነገሩ ሲያንገበግበው ሰንብቷል። ሞተሩ ጠዋት ይነሳል፣ ጥቂት ይሄዳል፣ ጥቁር ጭስ መትፋት ይጀምራል፣ ያስላል፣ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ይሞታል። ቀትር ላይ ሲሞክሩት ደግሞ ምንም እንዳልነበረበት በአንድ ርግጫ ይነሳል። ቤንዚን ማደያው አጠገብ የሚሠራው መካኒክ ገብረአብ ሁለት ጊዜ አይቶለታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀትር ላይ ስለ ነበር ሞተሩ እንደ ፈረስ ሰገረለትና «ይኼ ሞተር ጤነኛ ነው፣ የታመምከው አንተ ነህ» ብሎ ሳቀበት። ወርቅአገኘሁ እሳት የምትሰጠውን ካንዴላ ለወጠ፤ አዲሱም በማግሥቱ እንደ ከሰል ጠቁሮ ርሶ ወጣ። ቤንዚኑ ጋዝ ተቀላቅሎበት ይሆናል ብሎ አፈሰሰና ሌላ ቀዳ። የአየር ማጣሪያውን አጠበ። ካርቡራተሩን ፈቶ ነፋ። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ግን ከሥራ መልስ፣ ፀሐይ ጀርባውን እያሞቀችው ነበር። ዛሬ «እንደ ሞተ እከፍተዋለሁ» አለ ለራሱ። ሬሳው ሳይሞቅ ማለቱ ነው።

ካርቡራተሩን ፈቶ ወደ ውስጥ አየ። የአየር መዝጊያዋ ተዘግታለች።

ቾክ የሚሏት ነገር ይህች ናት። መሪው ላይ አውራ ጣት የምታክል እጀታ አለች፤ ጠዋት ሲበርድ እሷን ሲስቡ ሽቦዋ በሽፋኑ ውስጥ ተስባ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን መዝጊያ ትዘጋለች፣ ሞተሩ አየር ቀንሶ ቤንዚን በብዛት ይጠጣና ይነሳል። ከተነሳ በኋላ እጀታዋን ሲለቋት ሞላ መዝጊያዋን ገፍቶ ይከፍታል። የወርቅአገኘሁ እጀታ በደንብ ትመለሳለች፤ እሱ በአውራ ጣቱ ስለሚገፋት ማለት ነው። መዝጊያዋ ግን ከታች እንደ ተዘጋች ቀርታለች። ስለዚህ ሞተሩ እስከ ድልድዩ ቤንዚን ብቻ ሲጠጣ፣ ሲጠጣ ሄዶ ይታነቃል። «አንቺ ነሽ ለካ!» አላትና በጣቱ ገፋ አደረጋት። አልንቀሳቀስ አለች፤ ቆይታ፣ እያመነታች ተከፈተች። ለምን እንደ ተያዘች ግን አላወቀም። ሞላው ደክሞ ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ሞላ ደግሞ ከአዲስ አበባ ካልሆነ አይገኝም።

ቤት ውስጥ ደመቀች ከእናቷ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ወይዘሮ አልታየች ቋጠሮውን አስረው ጭናቸው ላይ አድርገዋል፤ ከአንኮበር ያመጧትን የቅቤ ቅል ግን ነጥለው ጥግ ላይ አስቀምጠዋታል።

«ቅቤዋን ትቼልሻለሁ» አሉ። «ስትገላገዪ ወይዘሮ መነን አናትሽ ላይ ታድርግልሽ። ገንፎም ስትሠራልሽ ከእሷ ታውጣ፣ የሱቅ አትግዙ።»

«እማዬ፣ እሱ ተናዶ ነው የተናገረው። ልቡ እንዲያ አይደለም። በእኔ ይሁንብሽ አትቀየሚ።»

«ተቀይሜ መሰለሽ?» አሉ ወይዘሮ አልታየች፣ እውነትም በድምፃቸው ውስጥ ቅያሜ አልነበረም፤ ደመቀችን ያስፈራት እሱ ነው። «እውነቱን ነው የተናገሩት። አንቺ ልጅ ስለ ነበርሽ አታውቂም። አንኮበር ላይ ጠላ ሲጠነሰስ እኔን የሚጠራ አይተሻል? ዘር ሲጀመር፣ ድግስ ሲደገስ፣ ‹አልታየች፣ ነይ እጅሽን አስቀድሚልን› ያለኝ ማን ነው? አባትሽን ከማግባቴ በፊት ሌላ ባል ነበረኝ። ሠርጌ ዓመት ሳይሞላው ከገደል ወደቀ። አባትሽ ያገቡኝ ዓመት ከብቱ አለቀ። ያን ጊዜ ነው ይህ ስም የወጣልኝ። አባትሽ በሕይወት እያሉ በፊታቸው የሚደፍረኝ አልነበረም፤ ከኋላ ግን ይባል ነበር።» ቋጠሯቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። «አምና ደግሞ አንቺ እኔ ቤት መጣሽ።»

«አምናማ በቅሎው ነው! ያን ሁሉ ዳገት ቁልቁለት...»

«ይሁን። ዘንድሮ ስትልኪብኝ ለመምጣት ፈርቼ ነበር። ሆዴ አልችል ብሎኝ መጣሁ፤ ክፉ ምልክት ካየሁ ግን ሳትወልድ እመለሳለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ይኸው፣ እኔ በገባሁ ማግሥት የባለቤትሽ ዶቅዶቄ ቆመ። ነገ ደግሞ ምን እንደሚቆም አላውቅም። ከአንቺ መራቄን ጠልቼው አይደለም፤ ልጁን ብዬ ነው።»

ደመቀች አለቀሰች። ልጅ ሳለች ሴቶቹ ጋን ዙሪያ ሲሰበሰቡ እናቷ ሁልጊዜ እንጨት ሊያመጡ፣ ውሃ ሊቀዱ የሚርቁት ሥራ ስለሚወዱ ይመስላት ነበር። አሁን ገባት፤ የዘገየ ንዴትም መጣባት። ነገር ግን በንዴቷም በእንባዋም እናቷን ማስቀረት እንደማትችል አወቀች። የተቀየመን ሰው ይለምኑታል፤ ለልጅ ልጁ ብሎ የሚሄድን ሰው ምን ብለው ይለምኑታል?

ወደ ግቢው ወጥታ ለባሏ ሁሉንም ነገረችው። ወርቅአገኘሁ ፒንሳውን እንደ ያዘ ቀረ።

«ሰሙኝ?»

«ግድግዳው ጭቃ ነው እኮ።»

ፊቱ ደም ለበሰ። «ልግባና እግራቸው ላይ ልውደቅ።»

«ብትወድቅ ያነሱሃል፣ ይስሙሃል፣ ከዚያ መኪናቸው ላይ ይወጣሉ። አልተቀየሙህም አልኩህ፤ አምነውሃል። ይቅርታህ አይደለም የሚያስቀራቸው። ይህ ነገር ለምን እንደሚቆም ማወቅ አለብን፣ ያውም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት።»

ወርቅአገኘሁ እንደገና ተንበረከከ። ያቺን ቃል መልሶ ሊውጣት ቢችል ካንዴላውንም አብሮ በዋጠ ነበር። ፀሐይዋ ግድግዳውን ተሻግራ ሞተሩ ላይ አርፋለች፤ መዝጊያዋም እንደ ልማዷ ለስልሳ ወዲያ ወዲህ ትላለች። «ይኸው! አሁን ጤነኛ ናት። ልትስቅብኝ ነው» አለ። ሽቦውን ከነሽፋኑ ከመሪው ፈታና አንዱን ጫፍ ለደመቀች ሰጣት፤ «እስቲ ይህን ያዢልኝ፣ ውስጡ ተቆርጦ እንደሆነ ልሳበው።»

ደመቀች ጫፉን ይዛ ቆመች። እርጉዝ ሴት አፍንጫዋ ሌላ ነው፤ ከወይዘሮ መነን ቤት ሽሮ ሲማሰል ከዚህ ግቢ ሆና ሽንኩርቱ ማረሩን የምትናገርበት ወራት ነው። ቤንዚን ሸተታት፣ የሞተር ዘይት ሸተታት፣ ከሁለቱም ሥር ግን አንድ ሌላ ሽታ መጣ። ጣቶቿን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ኅዳር አሥራ አምስት የገና ጾም ከገባ ወዲህ በዚህ ቤት ያልሸተተ ነገር ነው። ቅቤ። ያውም ዝም ብሎ ቅቤ ሳይሆን በኮሰረት የተነጠረ ቅቤ፤ ኮሰረቱም አንኮበር ከእናቷ ጓሮ የተቀነጠሰ፣ አገር ለአገር ብትዞር የማይጠፋት።

ወዲያው ሁሉም ነገር ገባት፤ ወዲያውም ፈራች። ብትናገር እናቷን በገዛ እጃቸው ሥራ ልታስይዝ ነው። እስከ አሁን «ገደ ቢስ» ነበሩ፤ ከአሁን በኋላ የመንግሥት ሞተር ያበላሹ አሮጊት ሊሆኑ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል። ሽቦውን ለባሏ መለሰችና «ቆይ፣ እንዳትነካው፣ እንዳታጥበው» ብላ ገባች።

«እማዬ፣ ይህችን ቅል ከፍተሻት ነበር?»

ወይዘሮ አልታየች ደነገጡ። «ለአፌ መሰለሽ እንዴ? በጾም?»

«ለአፍሽ አላልኩም።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ የተያዘ ልጅ ይመስል ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። «ያች መሪው ላይ ያለችው ትንሿ እጀታ ማታ ሲያስገቡት እጃቸው ሲነካት ትጮሃለች። ደርቃለች። አባትሽ መንገድ በሚወጡበት ዋዜማ የበቅሏቸውን ልጓምና እርካብ በቅቤ የማሽላቸው እኔ አልነበርኩም? መንገደኛ ከቤቱ ደረቅ ዕቃ ይዞ ይወጣል እንዴ፤ ሰው የሌለው ይመስላል እኮ! አንቺ መጎንበስ አትችይም፣ እሳቸው ከሥራ ደክመው ነው የሚመጡት። እና ማታ ማታ ከቅሏ በጥቂቱ እሳት አስነክቼ ሽቦው በሚገባበት ቀዳዳ በዶሮ ላባ አንጠባጥብለታለሁ። ከአንቺ ድርሻ አጉድዬብሽ እንደሆነ አገሬ ስገባ እልክልሻለሁ።»

ደመቀች መደቡ ላይ ዝርግት ብላ ተቀመጠች። ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣባት። «እማዬ፣ ቅቤ በደብረ ብርሃን ብርድ ምን ይሆናል?»

«ይረጋል፣ ምን ይሆናል።»

«እሱ ነው። ሽቦው ውስጥ ይረጋል። ጠዋት ሲስበው ይሳባል፣ ሲለቀው አይመለስም። ፀሐይ ሲወጣ ይቀልጣል፣ ሞተሩ ይድናል። ማታ አንቺ ደግሞ ትጨምሪለታለሽ። ሌላ ምንም የለም።»

ወይዘሮ አልታየች ልጃቸውን ትክ ብለው አዩአት። ደመቀች ኀፍረት ጠብቃ ነበር፤ ያየችው ግን ኀፍረት አልነበረም። እናቷ ለማመን የፈሩ ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልታስቀሪኝ ብለሽ ነው።»

ደመቀች ተነስታ በሩ ላይ ሆና ባሏን ጠራችው። ወርቅአገኘሁ ሽቦውን እንደ ያዘ ገባና እንደ ወጉ በሩ አጠገብ ቆመ። ነገሩን በአጭሩ ስትነግረው ሽቦውን አፍንጫው ላይ አደረገ፣ አሸተተ፣ ደግሞ አሸተተ። ወይዘሮ አልታየች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ስበው ተነስተዋል። «እማማን እንዲህ በያቸው...» ብሎ ጀመረና አቆመ። ሚስቱን አለፋትና በቀጥታ ወደ አማቱ ዞረ።

«እማማ፣ ይቀመጡ። እርስዎ ራስዎ ይዩት።»

ጓዳ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ካደረው እንስራ ውሃ በገበቴ ቀዳ። ሽቦውን ከነሽፋኑ ጠምዝዞ ነከረው፤ እስኪቀዘቅዝ አቆየው። ካወጣው በኋላ ጫፉን ለወይዘሮ አልታየች ሰጣቸው። «ይሳቡት።» ሳቡት። «አሁን ይመልሱት።» ገፉት፤ ሽቦው ተጣጥፎ ቀረ እንጂ አልገባም። ከዚያ ሽፋኑን በሁለት መዳፉ መሃል አድርጎ እስኪሞቅ አሸው፣ ተነፈሰበትም። «እንደገና።» ሽቦው ሰተት ብሎ ገባ። ወርቅአገኘሁ ወጥቶ በቤንዚን አጠበው፣ አራገፈው፣ ሲመለስ ያንኑ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተተው። ወይዘሮ አልታየች አሁን ጫፉን ሳይሰጣቸው ተቀበሉት። ሳቡት፣ ገፉት። ሳቡት፣ ገፉት። ይመላለሳል። ውሃው ክንዳቸው ላይ እየወረደ፣ ነጠላቸው ከአፋቸው ላይ መውደቁን ረስተው፣ ብዙ ጊዜ አመላለሱት።

«እጄ ነው?» አሉ። የጠየቁት ልጃቸውን አይደለም።

«እጅዎ ነው፣ እማማ።»

«ገዴ አይደለም?»

«ገድዎ ምን አደረገ? ቅቤዎ ነው እንጂ» አለ ወርቅአገኘሁ። «በዚህ ቤት ጾም የገደፈው ዶቅዶቄው ብቻ ነው።»

ወይዘሮ አልታየች ሳቁ። ደመቀች እናቷን እንዲህ ሲስቁ ሰምታ አታውቅም፤ አፋቸውን ለመሸፈን ነጠላቸውን ፈልገው አጡትና በርጥብ እጃቸው ሸፈኑት። አንድ ሰው «ጥፋቱ የአንተ ነው» ተብሎ ሲነገረው ፊቱ እንደዚህ ሲበራ አይታ አታውቅም። እጅ ያጠፋውን እጅ ያቃናዋል፤ ዕድሜ ልካቸውን የተሸከሙት ግን እጅ የማይደርስበት ነበር። ወርቅአገኘሁ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ያዙት። «ተው ልጄ፣ ተው፤ ያበላሸሁት እኔ ሆኜ?» አሉት። እሱ ግን ሳመ። «እኔ ያልኳት ቃል ትብሳለች» አለ። «ሞተሩንስ በቤንዚን አጠብነው።»

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የጎረቤላው መኪና ከአደባባዩ ጥሩንባውን ነፋ። ደመቀች እናቷን አየች። ወይዘሮ አልታየች ቋጠሯቸውን ዳሰሱ። «አሁን ፀሐይ ነው» አሉ። «በፀሐይማ ድሮም ይነሳ ነበር። በአመዳይ ልየው። ነገም ወደ አንኮበር በእግር የሚወጡ ያገሬ ሰዎች አላጣም።» መኪናው ሄደ፤ ቋጠሮው ግን እንደ ታሰረ ራስጌያቸው አደረ። ደመቀችም ደስታዋን እንደ ቋጠሮው አስራ ይዛው አደረች።

ሊነጋጋ ሲል ወርቅአገኘሁ ሞተሩን ወደ ግቢው አወጣ። አመዳዩ ከትናንት የባሰ ነበር፤ የወይዘሮ መነን የውሃ ገንዳ ፊቱ በረዶ ሠርቷል። መርገጫው ላይ እግሩን አድርጎ ቆየና ወደ በሩ ዞረ።

«እማማ፣ ይምጡ። እጅዎን ያስቀድሙልን።»

ወይዘሮ አልታየች ልጃቸውን አዩ፤ ደመቀች ሌላ ቦታ ትመለከታለች። በባዶ እግራቸው አመዳዩን ረግጠው ወጡ። ወርቅአገኘሁ እጀታዋን አሳያቸው፤ እሳቸው ግን ከእሱ ይበልጥ ያውቋታል፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጨለማ ውስጥ ሲዳስሷት ኖረዋል። በስመ አብ ብለው ሳቡ። ረገጠ፤ አልተነሳም። ወይዘሮ አልታየች እጃቸውን ሊያነሱ ሲሉ «ይያዙት፣ ይያዙት» አላቸው። ሁለተኛ ረገጠ፤ ሞተሩ ግቢውን አናወጠው። «አሁን ይልቀቁ!» ለቀቁ። ከታች፣ ከካርቡራተሩ ውስጥ፣ ጠቅ የምትል ትንሽ ድምፅ ተሰማች፤ የሞተሩም ጩኸት ቀለል አለ፣ ጠራ። ወርቅአገኘሁ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ።

ሁለቱ ሴቶች ግቢው በር ላይ ቆሙ። ድምፁ በቤቶቹ መሃል አለፈ፣ አውራ ጎዳናውን ያዘ፣ ወደ ወንዙ ቁልቁል ወረደ። ሌላ ጊዜ ማሳል የሚጀምረው እዚያ ጋ ነበር። ወይዘሮ አልታየች የልጃቸውን ክንድ ያዙ፤ ጥፍራቸው እስኪሰማት ድረስ ጠበቁባት። ድምፁ ድልድዩ ላይ ሲደርስ እንደ ከበሮ ጎላ አለ። ከዚያ ቀነሰ። ግን የቀነሰው ስለራቀ ነበር። ዳገቱን ሲወጣ እንደገና ተሰማ፣ ወደ ጫጫ ሄደ፣ ሄደ፣ በመጨረሻ የወፍ ድምፅ ዋጠው።

«ተሻገረ?» አሉ ወይዘሮ አልታየች።

«ተሻገረ።»

ወይዘሮ አልታየች ቀድመው ገቡ። ደመቀች ተከትላ ስትገባ መደቡ ላይ ተቀምጠው ቋጠሮውን በጥርሳቸው እየፈቱ አገኘቻቸው፤ ጠበቅ አድርገው አስረውት ነበር። ከልብሳቸው ሥር፣ ከሁሉም መጨረሻ፣ ክንድ የማይሞላ ነጭ ጋቢ አወጡ። ራሳቸው የፈተሉት፣ ሊያሳዩ ፈርተው ሁለት ሳምንት ሙሉ የደበቁት ነበር።

«እንኪ» አሉ። «ፀሐይ ሲወጣ ገመዱ ላይ አስጪው። የታፈነ ነገር ልጅ አይለብስም።»